ፖስታውን ዛሬ ክፈተው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጽሑፍዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉድ ይዤ መጣሁ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠራሁ። ያኔ በየዓመቱ ታክስ አሠርቼ ሪፈንድ (ተመላሽ) እወስድ ነበር። በ2023 ፓርኪንጉን ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ኡበር ገባሁ። የዚያን ዓመት ታክስ ላሠራ ስሄድ ሰውየው ወረቀቴን አየና ኮምፒውተሩን መታ መታ አድርጎ “12,000 ዶላር አካባቢ ትከፍላለህ” አለኝ። ባንክ ያለኝ 900 ዶላር ነበር። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። የ2024ቱንም በዚያው ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ከአይ አር ኤስ፣ ሦስት ፖስታ መጥቶልኛል። አንዱንም አልከፈትኩም። መኪናዬ ዳሽቦርድ ውስጥ አሉ።

በ2024 አዲስ አበባ ሄጄ አግብቻለሁ። አሁን የባለቤቴ የቪዛ ፕሮሰስ ደርሶ ጠበቃዋ የታክስ ወረቀት አምጣ ትለኛለች። ጓደኛዬ “የወንድምህን ሁለት ልጆች ዲፔንደንት (ጥገኛ) አድርገህ አሠራ፤ ዕዳው ይጠፋልሃል” ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ “ከአይ አር ኤስ ነኝ፤ ዛሬ ካልከፈልክ ፖሊስ ይመጣል” አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሊያስሩኝ ይችላሉ? ለእናቴ በየወሩ የምልከውስ አይቀነስልኝም? አዲስ አበባ በስሜ ያለችው የተከራየች ኮንዶሚኒየምስ? ለባለቤቴ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም።»

ወንድሜ፣

እጅህን ካንቀጠቀጠው ነገር ልጀምር። ዕዳ ስላለበት ብቻ የሚታሰር ሰው የለም። እዚህ አገር በታክስ የሚታሰረው የሚዋሽ፣ ገቢውን የሚደብቅ፣ የሐሰት ወረቀት የሚያስገባ ነው። እያወቁ የዓመቱን የታክስ ቅጽ አለማስገባትም በሕጉ ወንጀል ተብሎ ተጽፏል፤ ይህን ደብቄ ላጽናናህ አልፈልግም። ግን በራሱ እግር መጥቶ የቀረበትን ያስገባ፣ አቅሙ የቻለውን መክፈል የጀመረ ሾፌር ሲታሰር፣ ታክስ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም አላየሁም።

የደወለልህ ሰው ሌባ ነው። አይ አር ኤስ የሚፈልግብህ ነገር ሲኖር መጀመሪያ በፖስታ ነው የሚጽፍልህ። በስልክ ፖሊስ እልካለሁ አይልም። በጊፍት ካርድ ወይም ዜል በሚባለው የገንዘብ መላኪያ ላክ አይልም። እንደገና ከደወለ አታናግረው፤ ዝጋው። መዝገቡ ላይ ምን እንዳለብህ ማወቅ ከፈለግክ አይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ የራስህን አካውንት ከፍተህ በዓይንህ ማየት ትችላለህ።

አሁን ወደ ፖስታዎቹ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ወደ መኪናህ ሂድና አውጣቸው። ለምን እንዲህ እንደምወተውትህ ልንገርህ። እኔም ታክሲ በምነዳበት ዘመን ተመሳሳይ ፖስታ መጥቶልኝ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጥኩት። ሌላ ሲመጣ ከላዩ ደረብኩበት። በየጠዋቱ ወተት ላወጣ ስሄድ አያቸዋለሁ፤ እጄ ግን አይነካቸውም። ዓመት ሊሞላው ሲል የቤት ኪራይ ልከፍል ብዬ ባንክ ስገባ ገንዘቡ ተይዟል ተባልኩ። ያኔ ነው ከላይ እስከ ታች የቀደድኳቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የጠየቀኝ አንድ የጎደለ ወረቀት ብቻ ነበር። ባንኩ ገንዘቡን ለአይ አር ኤስ ከመላኩ በፊት 21 ቀን እንደሚያቆየው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደውሎ መነጋገር እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር። ሰው ስላልነገረኝ ሳይሆን፣ ለማንም ስላልተናገርኩ። ለዚህ ነው ደብዳቤህን ሳነብ ልቤን የነካኝ ዕዳው ሳይሆን ዳሽቦርዱ ነው።

ስትከፍታቸው እንግሊዝኛው አያስጨንቅህ። ከላይ በስተቀኝ በኩል ሦስት ነገር ፈልግ፤ የደብዳቤው ቁጥር፣ የየትኛው ዓመት ታክስ እንደሆነ፣ እና የተጻፈበት ቀን። ከነገርከኝ ስነሳ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሲፒ 59 የሚል ይመስለኛል። እሱ «የዚህን ዓመት ታክስ ማስገባትህን መዝገባችን ላይ አላገኘንም» ማለት ነው። ክስ አይደለም፣ ሂሳብም አይደለም። አስገባ ነው የሚልህ። በጣም የምፈራልህ ሌላኛውን ዓይነት ነው። «ኖቲስ ኦፍ ዴፊሸንሲ» (የታክስ ጉድለት ማሳወቂያ) የሚል ካለበት፣ ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ ለታክስ ፍርድ ቤት አቤት ለማለት ያለህ 90 ቀን ነው። ያ ቀን ካለፈ አይ አር ኤስ ራሱ ያሰላው ሂሳብ ዕዳ ሆኖ ይጻፍብሃል።

ራሱ ያሰላው ማለቴ ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ኡበር ለአንተ የላከውን 1099 የሚባለውን የገቢ ማሳወቂያ ወረቀት ለአይ አር ኤስም ልኮታል። አንተ ዝም ስትል እነሱ በእጃቸው ባለው ቁጥር ያንተን ታክስ ሊሠሩልህ ይችላሉ። የነዳኸውን ማይል አያውቁም። የከፈልከውን ቶል (የመንገድ ክፍያ) አያውቁም። ስለማያውቁት ነገር ደግሞ ምንም አይቀንሱልህም። የዚህን ጉዳት በቁጥር ካላየኸው አይገባህም።

ደብዳቤህ ላይ የገቢህን መጠን ስላልጻፍክ ምሳሌ ልውሰድ። የ2023 1099-ኬህ ላይ ያለው 58,000 ዶላር ነው እንበል። ይህ ተሳፋሪው የከፈለው ሙሉ ሂሳብ ነው እንጂ አንተ ባንክ የገባው አይደለም። ኡበር የቆረጠው ኮሚሽንና ክፍያ በውስጡ አለ። 15,000 ነው እንበል። አፑ ውስጥ በየዓመቱ መጨረሻ የሚወጣው የታክስ ሰመሪ ላይ ለብቻው ተጽፎ ታገኘዋለህ። እሱ ሲነሳ 43,000 ቀረ። ቀጥሎ ማይል ነው። አይ አር ኤስ ለ2023 የፈቀደው በማይል 65.5 ሳንቲም ነው፤ ለ2024 67 ሳንቲም፣ ለ2025 70 ሳንቲም። ለሥራ 34,000 ማይል ከነዳህ 22,270 ዶላር ይቀነስልሃል። ለሥራ ያወጣኸውን የስልክና የቶል ወጪ 730 ዶላር ጨምርበት። የተጣራ ትርፍህ 20,000 ዶላር ሆነ።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ታክስ አለ። ፓርኪንግ ስትሠራ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን ሕክምና) ግማሹን አንተ፣ ግማሹን አሠሪህ ይከፍል ነበር። አሁን ሠራተኛውም አሠሪውም አንተ ነህ። ስለዚህ ሁለቱንም ድርሻ፣ 15.3 በመቶ፣ ትከፍላለህ። የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ 2,826 ዶላር አካባቢ ይመጣል። ብዙ ሾፌር «ገቢዬ ትንሽ ነው፤ ታክስ አይደርስብኝም» ሲል የሚረሳው ይህንን ነው። ከግል ሥራ የተጣራ ትርፍህ 400 ዶላር ከደረሰ ማስገባት ግዴታ ነው፤ 1099 መጣልህ አልመጣልህ። ኢንካም ታክሱ (የገቢ ግብሩ) ግን የዚያ ዓመት ስታንዳርድ ዲዳክሽን (መደበኛ ቅናሽ) 13,850 ዶላርና ለግል ሥራ የተፈቀዱት ቅናሾች ከተነሱ በኋላ 379 ዶላር አካባቢ ነው። ድምሩ 3,205 ዶላር።

ያንኑ 58,000 ያለ ኮሚሽን፣ ያለ ማይል አስላው። 12,000 ዶላር አካባቢ ይሄዳል። ያንን ቀን ወረቀትህን ሰብስበህ እንድትወጣ ያደረገህ ቁጥር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰውየው ክፉ ነው አልልም። ስንት ማይል ነዳህ ብሎ ግን አልጠየቀህም።

ስለዚህ ማይልህን ሰብስብ። ኡበር አፑ ላይ ኦንላይን ሆነህ የነዳኸውን ይመዘግባል፤ እዚያ ጀምር። የኦይል ቅያሬ ደረሰኞችህን ፈልግ፤ መኪናው በዚያ ቀን ስንት ማይል ላይ እንደነበር ተጽፎባቸዋል። ሁለቱን አስተያይተህ ለዓመቱ የሚታመን መዝገብ ማውጣት ይቻላል። ለለቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሱቅ የነዳኸው የግልህ ነው፤ አታስገባው። ማይሉን ከወሰድክ ደግሞ ቤንዚን፣ ጎማና ኢንሹራንስ ደግመህ አትቀንስም፤ ማይሉ ውስጥ ተካተዋል። ይህን ሁለት ጊዜ የሚቀንሱ ሰዎች በኋላ ሲጠየቁ አይቻለሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ታክስ ማስገባት፣ ማለትም ቅጹን ሞልቶ መላክ፣ እና ታክስ መክፈል ለየብቻ ናቸው። «ገንዘብ ስላልነበረኝ አላስገባሁም» ብለኸኛል። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሉት ይህንኑ ነው። የሚያስከፍለን ደግሞ እሱ ነው። ኤፕሪል 15 ሲደርስ ኪስህ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም ባይኖርህም አስገባ። በጊዜው ላላስገባ ሰው ቅጣቱ ካልተከፈለው ታክስ በወር 5 በመቶ ነው፤ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አስገብቶ መክፈል ላቃተው ሰው ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። በምሳሌያችን 3,200 ዶላር ላይ ብናየው፣ ያስገባው ሰው በወር 16 ዶላር ይቀጣል። ያላስገባው 160። ወለዱ በሁለቱም ላይ አለ። ኤክስቴንሽን የሚባለውም የሚያራዝመው ማስገቢያውን ነው፤ እስከ ኦክቶበር 15። መክፈያው ኤፕሪል 15 እንደሆነ ይቀራል።

ከገባ በኋላ ዕዳው የሚያስፈራ አይሆንም። የቀሩት ዓመታት በሙሉ ከገቡና ዕዳው ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ፣ በወር በወር ለመክፈል ኦንላይን ራስህ ልትዋዋል ትችላለህ። ማንንም መለመን አያስፈልግም። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው፣ ከባንክ በቀጥታ እንዲቆረጥ ከተስማማ፣ የመመዝገቢያውን ክፍያ ይተዉለታል። ሌላም አለ። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ታክስህን በጊዜው እያስገባህ ቅጣት ካልነበረብህ፣ የመጀመሪያውን ጥፋት ቅጣት እንዲያነሱልህ መጠየቅ ትችላለህ። አንተ ፓርኪንግ እያለህ በየዓመቱ ስታሠራ ነበር፤ ስለዚህ ለ2023ቱ ጠይቅ። በስልክ ሊያልቅ ይችላል። እንግሊዝኛው ከከበደህ ስትደውል አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በል፤ አይከፈልበትም። ካልጠየቅካቸው ግን ራሳቸው ያነሱልኛል ብለህ አትጠብቅ። ለ2024ቱ ይህ መንገድ አይሠራም፤ በታክሱ ላይ ያለው ወለድም በዚህ አይነሳም።

ጓደኛህ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምክሩን ግን አትስማ። ልጆቹ ዲፔንደንት የሚሆኑህ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አንተ ቤት አብረውህ ከኖሩና ሌሎቹን መመዘኛዎች ካሟሉ ነው። የሚኖሩት ከአባታቸው ጋር ከሆነ የእሱ ናቸው። ወንድምህ በራሱ ታክስ ላይ አስገብቷቸው ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ያንኑ የሶሻል ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲያይ ይይዘዋል። እንዲህ ባለ መንገድ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን የታክስ ድጋፍ) የወሰደ ሰው ለ2 ዓመት፣ ሆን ብሎ አጭበርብሮ ከሆነ ለ10 ዓመት ክሬዲቱን ይከለከላል። ለአንተ ደግሞ የባሰ ነገር አለው። ነገ ለዜግነት ስታመለክት ስለ ታክስህ ይጠየቃል። አሁን ያለብህ ጥፋት ማዘግየት ነው፤ ይስተካከላል። አብረውህ የማይኖሩ ልጆችን ማስገባት ግን ውሸት ነው፤ ከሥሩም ያለው ፊርማ ያንተ ነው። ያሠራህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቢሮውን ዘግቶ ሊሄድ ይችላል።

ለእናትህ የምትልከው አይቀነስም። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ይከብደኛል፤ ከራሳችን ቀንሰን እንደምንልክ አውቃለሁና። ሕጉ ለቤተሰብ የሚላክን ገንዘብ እንደ ስጦታ ነው የሚያየው። እናትህም የሚኖሩት ኢትዮጵያ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ የምትጦራቸው አንተ ብትሆን እንኳ፣ ዲፔንደንት አይሆኑም። «ደረሰኙን አምጣ፤ እቀንስልሃለሁ» የሚልህ ሰው ካለ ከሱ ዘንድ ታክስ አታሠራ።

የኮንዶሚኒየሟ ኪራይ ግን ይነገራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢው ከየትም አገር ይምጣ ለአይ አር ኤስ ያሳውቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለኪራዩ ግብር የከፈልክበት ደረሰኝ ካለ እንዲላክልህ አድርግ፤ እዚህ ከሚመጣብህ ታክስ ላይ ሊታሰብልህ ይችላል። ስለ ባንክ አልጻፍክልኝም፤ ሳትጠይቀኝ ግን ልንገርህ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉህ የባንክ ሂሳቦች በሙሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት ለብቻው ይገባል። ታክስ አይከፈልበትም፤ ማሳወቂያ ብቻ ነው። ቅጣቱ ግን ከባድ ነው። ቤት ልሠራበት ብለው አገር ቤት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ሰምተውት አያውቁም።

ወደ ባለቤትህ ልምጣ። ጠበቃዋ ወረቀቱን የጠየቀችህ አይ-864 ለሚባለው የስፖንሰርነት ፎርም ነው። እሱ ላይ የመጨረሻው ዓመት ታክስ ይያያዛል። ማስገባት እያለበት ያላስገባ ሰው የቀረበትን አስገብቶ እንዲመጣ ፎርሙ ራሱ ያዝዛል። ስለዚህ በሩ አልተዘጋብህም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቅ። የሚመዝኑህ ኡበር ባስገባልህ ገንዘብ አይደለም፤ ከታክሱ ላይ በወጣው የተጣራ ገቢህ ነው። ለሁለት ሰው ቤተሰብ በ2025 የተቀመጠው መነሻ 26,437 ዶላር ነበር። በምሳሌያችን ያየነው 20,000 ለዚህ አይበቃም። እዚህ ላይ ሁለት ፈተና ይመጣብሃል፤ ታክስ ለመቀነስ ማይል መጨመር፣ ስፖንሰር ለመሆን ደግሞ ማይል መደበቅ። ሁለቱንም ተው። እውነተኛውን ቁጥር አስገባ። ካልበቃ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ዘመድ ጆይንት ስፖንሰር (ተጨማሪ ዋስ) ሊሆንህ ይችላል። ጠበቃዋ መንገዱን ታውቀዋለች። ለጠበቃዋ ግን ሙሉውን እውነት ዛሬውኑ ንገራት።

ሌላው፣ ያገባኸው በ2024 ስለሆነ በዚያ ዓመት ታክስ ላይ «ሲንግል» ማለት አትችልም። የሚታየው ዲሴምበር 31 ላይ ያለህበት ሁኔታ ነው። ባለቤትህ ገና አዲስ አበባ ብትሆንም ያገባ ሰው ነህ። ብዙ ሰው «እሷ እዚህ ስለሌለች» ብሎ ሲንግል ያስገባና፣ ቪዛው ላይ ያገባ፣ ታክሱ ላይ ያላገባ ሆኖ ይገኛል። ለብቻ ማስገባት አለ፤ እሷን ጨምሮ በጋራ ማስገባትም የሚቻልበት መንገድ አለ። የትኛው እንደሚሻልህ ከባለሙያ ጋር ተቀምጠህ እየው።

ባለሙያ ስትመርጥ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀህ ያዝ። የሠራው ሰው በራሱ ስም መፈረምና ፒቲን የሚባለውን የታክስ ሠሪነት ቁጥሩን መጻፍ አለበት። «አንተ እንደሠራኸው አድርገህ ላከው» ካለህ ተነስና ውጣ። ክፍያውን ከሪፈንዱ ይህን ያህል በመቶ ብሎ የሚተምንም አይሁንህ። ለመክፈል አቅም ካጠረህ ቪታ የሚባለው ነፃ አገልግሎት በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከላት አለ፤ ቀለል ላለ ታክስ ጥሩ ነው። ያንተ ዓይነት፣ ደብዳቤና ክርክር ያለበት ጉዳይ ግን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ወደተቋቋሙት የታክስ ክሊኒኮች ቢሄድ ይሻላል። ከአይ አር ኤስ ጋር አንተን ሆነው ይከራከሩልሃል፤ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ። ዋሽንግተን ውስጥ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክሊኒክ አለው።

ቨርጂኒያም የራሷ ታክስ አላት፤ ቀኗ ሜይ 1 ነው። የሁለቱን ዓመት የስቴቱንም አብረህ ጨርስ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እንደገና እዚያው እንዳትገባ ደግሞ ላሳይህ። ፓርኪንግ እያለህ ታክሱ ከቼክህ ላይ ስለሚቆረጥ አይታወቅህም ነበር። ኡበር አይቆርጥልህም። አይ አር ኤስ የሚፈልገው በዓመት አራት ጊዜ እንድትከፍል ነው፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15። ለአብዛኛው ሰው፣ በእነዚህ ቀናት ተከፋፍሎ የአምናው ታክስ መጠን ያህል ከተከፈለ፣ ዘንድሮ ገቢው ቢጨምርም በዚህ በኩል ቅጣት የለበትም። ቀሪውን ኤፕሪል ላይ ያሟላል።

አንዲት እዚሁ ሰፈር የምትነዳ እህታችን ይህን እንዴት እንደምትይዘው ላውራህ። ዕቁብ ትጥላለች፤ በየሳምንቱ እሑድ ማታ። ዕቁቧን ስትልክ በዚያው ስልክ፣ ሳምንቱን ከኡበር ከገባላት ላይ ከዶላሩ 10 ሳንቲም ወደ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ ታሳልፋለች። የሂሳቡን ስም «የእነሱ» ብላ ሰይማዋለች። አትነካውም። ቀኑ ሲደርስ ዳይሬክት ፔይ በሚባለው የአይ አር ኤስ ገጽ ከዚያው ትከፍላለች። ባየነው ምሳሌ ብትሄድ ከ43,000 ላይ 4,300 ዶላር ይጠራቀማል፤ ለፌዴራሉ በቅቶ ለስቴቱም ይተርፋል። ያንተ ማይል ካነሰ ወይም ኪራይ ከተጨመረበት 10 ሳንቲሙ ላይበቃ ይችላል፤ የዘንድሮው ታክስህ ሲሠራ ቁጥሩን አብራችሁ አስተካክሉት።

ለባለቤትህ ዛሬ ማታ ደውልላት። ዕዳ እንዳለብህ፣ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል፣ እንዴት እንደምትከፍለው ንገራት። እየጠበቀችህ ያለች ሴት ናት፤ ፕሮሰሱ ለምን እንደዘገየ ከሌላ ሰው አትስማ። ደብዳቤህ ውስጥ ብቻህን የተሸከምከው ይህ ከታክሱ የበለጠ እንቅልፍ የነሳህ ይመስለኛል።

ፖስታዎቹን ስትከፍት የደብዳቤዎቹን ቁጥርና ቀን ጻፍልኝ። 90 ቀን የሚል ካለበት ግን እኔን አትጠብቅ፤ በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ደውል።